የአጥንቷ ዘመድ

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

ሸዋረጋን ይህን የጠየቋት ቄስ ህሩይ ናቸው። በነጠላዋ ጠቅልላ የያዘችውን ነገር ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆማ ቀረች። ከድብ ባሕር ገደል ሥር የተነሣው ጉም ጥዱን ውጦ፣ ደጀ ሰላሙን ውጦ፣ ለሁለቱ የቆሙባትን ያህል መሬት ብቻ ትቶላቸዋል።

«ልጄ፣ ስም ከሌለ ለማን ብዬ ነው ፍትሐት የማደርሰው?» አሉ ቄሱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። እንዲያውም ያዘኑላት ይመስላሉ።

ጥያቄው ለሸዋረጋ አዲስ አልነበረም። ቄስ ህሩይ ለዚህ ደብር ሳይመጡ በፊት፣ ባሏ ቄስ መለሰ በሕይወት ሳለ፣ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ሕፃኗ የሴት ልጅ ጥምቀት የሚፈጸምበት ሰማንያኛው ቀን ሳይደርስላት ትንፋሿ ተቋረጠ። የገዛ አባቷ ቄስ ሆኖ ሊፈታት አልቻለም። «ማን ብዬ ልጸልይላት?» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሸዋረጋ ስም አዘጋጅታ ነበር። ወለተሩፋኤል ልትላት። ያልተጠመቀ ሰው የክርስትና ስም የለውምና አፏን ዘጋች፤ ልጅቷም ከቅጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር፣ ያለ ጸሎት ተቀበረች።

አሁን ግን አፏን ከፈተች።

«ወለተሩፋኤል» አለች።

ቄሱ ነጠላውን ገለጥ አድርገው አዩ። መንጋጋ ነው፤ ጠቁሯል፣ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ከወተት ጥርሱ ሥር ሌላ ጥርስ ብቅ ሊል ሲል ቀርቷል።

«ሕፃን ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ከየት አገኘሻት?»

«ከገደሉ ዋሻ ነው አባ። ያለ ፍትሐት ነው የኖረችው።»

«ስንት ዘመን?»

«እሱን አላውቅም።»

ከተናገረችው ሁሉ ውሸቱ ስሙ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ልቧ ውሸት ነው ብሎ አልተቀበለውም። ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ከቅጥሩ ውስጥ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፈረ። አፈሩ ሲመለስ ሸዋረጋ ከጉሙ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማች። ቄሱ የሰሙ አይመስሉም። ለዓመታት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ክብደት ተነሣላት። ወዲያው ሌላ ተቀመጠበት። አጥንቱ የእሷ አልነበረም። የፊልጶስ ነበር።

*

ፊልጶስ የእንፍራንዝ ሰው ነው። ጎንደር ከተማ ሥነ ሕይወት ያስተምራል። ክረምቱ እንደወጣ የዋሻውን ቁፋሮ ሊመራ ድብ ባሕር መጥቶ የሸዋረጋን የጓሮ ክፍል ተከራየ። ጠጉሩ ግራና ቀኝ ሸብቷል፤ ሚስት አላገባም። ረቡዕንና ዓርብን ይጾማል፣ ማዕተቡንም ከአንገቱ አውልቆ አያውቅም። መንደሩ ግን የሰውን ልጅ ከአውሬ ጋር ያዛምዳል ሲባል ሰምቶ «የዝንጀሮው መምህር» ይለዋል።

ሸዋረጋ የቄስ መበለት ናት። በዚያ አገር የቄስ መበለት ቆብ ደፍታ ትመነኩሳለች እንጂ ሌላ ባል ታስባለች ተብሎ አይጠበቅም። ልጇ መዝሙር ዲያቆን ነው፤ ቆቡን ራሱ ከጎንደር ገዝቶ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጦላታል። እሷ ግን ቆቡን ትታ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ከሰዓት በኋላ ልጆች በለቀቁት ክፍል፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ፊደል ቆጠረች። ማንበብ ስትጀምር ያነሣችው መጽሐፍ ኦሪት ዘፍጥረት ነው።

አንድ ቀን ደጃፍ ላይ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ፊልጶስ ከዋሻ ተመለሰ። ጫማው አፈር ለብሷል።

«ምነው እዚህች ላይ ቆሙ?» አላት።

«ሰውን ከአፈር አበጀው ይላል።»

«እና?»

«ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አይልም።»

ፊልጶስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የጫማውን አፈር እያራገፈ፣ «እኔም የምፈልገው እሱን ነው» አለ። «ማን አበጀው ብዬ አልተከራከርኩም። ስንት ጊዜ ፈጀ ስል ነው ሰው የሚጣላኝ።»

«ቀስ ብሎ ቢያበጀውስ? እኔ ይህችን አንዲት ገጽ ሳነብ ጽጌ ገብቶ ወጣብኝ።»

«አንቺ ግን…» ብሎ ጀመረና አፈረ። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል። ሁለቱም ሰምተውታል።

«ጨርሰዋ መምህር» አለች፣ ጣቷን ከገጹ ሳታነሣ።

«አንቺ ግን ስታነቢ ሸጋ ነሽ።»

ሸዋረጋ መስመሩን እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። አንድም ፊደል አልታያትም።

*

መንጋጋው ከዋሻው የወጣ ዕለት ጭላዶች ከገደሉ ወጥተው መጡ።

ጭላዳ ዝንጀሮ ለድብ ባሕር ብርቅ አይደለም፤ ገብስ ሲደርስ በወንጭፍ ሲባረር ነው የሚውለው። እነዚህ ግን ገብሱን አልነኩም። አጥሩ ላይ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ጓሮው ክፍል አድርገው፣ ሳይጮኹ ተቀመጡ። ግልገል ያዘሉ እናቶች ነበሩባቸው። ውሻው ሸዋረጋ እግር ሥር ገብቶ አልወጣ አለ።

«አያ ፊልጶስ፣ ዘመዶችህ ጥየቃ መጡልህ» አለ መዝሙር ከውጭ ሲገባ።

«አስገባቸዋ፣ አንተ እንግዳ ትወዳለህ።»

«በእናቴ ቤት እስካሁን የገባው ይበቃል።»

ፊልጶስ ሳቀ። መዝሙር አልሳቀም። ማታ እራት ሲቀርብ እጁን ሳይታጠብ ተነሣና እናቱን ወደ ጓዳ ጠራት።

«እማዬ፣ ዓይንሽን አይቼዋለሁ» አላት። «የአባቴ አልጋ ላይ ዝንጀሮ አያቴ ነው የሚል ሰው አይተኛም። ወይ እሱ ይህን ቤት ይለቃል፣ ወይ እኔ እለቃለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር አልናገርሽም።»

መዝሙር አንድ ነገር ከተናገረ እንደማያጥፍ ታውቃለች። በአባቱ ወጥቷል።

በማግስቱ መዝሙር ቅዳሴ ሲሄድ ፊልጶስ የአጥንቱን ሣጥን ደጃፍ አውጥቶ፣ በጥጥ የተጠቀለለውን መንጋጋ ፈታላት። ሸዋረጋ ጥርሱን አየች። መዝሙር በዚያ ዕድሜው የወለቀች ጥርሱን ጣራ ላይ ሲወረውር ትዝ አላት።

«ልጅ ናት» አለች። «ሰው ናት እንዴ?»

«እንደ እኛ ሰው አይደለችም። አውሬም አይደለችም። ከዚያ ወደዚህ የሚያመጣው መንገድ ላይ የነበረች ናት።»

«ስም ነበራት?»

«ቋንቋ የነበራቸው አይመስለኝም። እናቷ ግን እሷን ብቻ የምትጠራበት አንድ ድምፅ ሳይኖራት አይቀርም።»

ያኔ ሸዋረጋ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችው፤ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ወይራው፣ አዘጋጅታው ስለቀረው ስም። ፊልጶስ ሲሰማ ቆየና መንጋጋውን እንደ አራስ ልጅ መልሶ ጠቀለለው። እጁን ከጥጡ ላይ አላነሣም። ሸዋረጋ ያን እጅ ልትይዘው ፈለገች፤ ጭላዶቹ ከአጥሩ ላይ ያዩዋት ነበርና ተወችው።

*

ድምፁ የመጣው ፊልጶስ ጎንደር በወረደ ቀን ነው። አጥንቱን አዲስ አበባ የሚወስዱትን ሰዎች ከነማኪናቸው ሊያመጣ ነበር የሄደው።

ቀትር ላይ ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል። ሸዋረጋ ገብስ እያበጠረች ሳለ ከተቆለፈው ክፍል ሰማችው።

«ሀ።»

ሰፌዱን አቆመች።

«ሀ» አለ ደግሞ። ከሀ ቀጥሎ ያለውን የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው። እሷም ትምህርት የገባች ዕለት እንዲሁ እዚያችው ላይ ቆማ ነበር፤ መምህሯ እየጠበቃት፣ ሴቶቹ እያዩዋት። ወደ ክፍሉ ተጠግታ ጆሮዋን ጭቃው ላይ አደረገች። ግድግዳው እንደ ትኩሳታም ግንባር ይሞቃል። ቁልፉን አምጥታ ከፈተች። ማንም የለም። ክፍሉን የሞላው የአራስ ልጅ ራስ ሽታ ነው።

በሩ ላይ ቆማ አሰበች። አውሬ ቢሆን አይጠራትም ነበር። ሰው ናት፣ ያልተፈታች ሰው፤ አሁን ደግሞ ማረፊያ እንኳ ሳታገኝ ወደማታውቀው አገር በሣጥን ልትጫን ነው። አንዲቷን ያለ ጸሎት ከወይራ ሥር ሰጥታለች። ሁለተኛዋን አልሰጥም አለች በልቧ። መንጋጋውን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቄስ ህሩይ ወጣች።

*

ፊልጶስ ከሰዎቹ ጋር ተመልሶ ሣጥኑን ሲከፍት ጥጡ ብቻ ነበር የጠበቀው።

ሸዋረጋን ያገኛት አውድማው ላይ፣ ጭድ ስትሰበስብ ነው። አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ፊቱ የሌላ ሰው ሆኗል።

«ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ልጅዎ አጥንቱን የት እንዳደረገው ይጠይቁልኝ።»

አጥንቱ ከጠፋበት በላይ እርስዎ ማለቱ ወጋት።

«ሰዎቹ ፖሊስ ይጠራ ብለዋል» አለ። «እስከ ነገ ለምኜ አቁሜያቸዋለሁ። መዝሙር እንደሚጠላኝ አገር ያውቃል። ልጅዎ እንዲታሰር አልፈልግም።»

«መዝሙር አልነካትም። እኔ ነኝ።»

ፊልጶስ ቀና ብሎ አያት።

«ቀበርኳት። ደብሩ ውስጥ፣ ተፈትታ።»

ጭዱ ላይ ተቀመጠ። ተነሥቶ ይመታኛል ብላ አልፈራችም፤ ተነሥቶ ይሄዳል ብላ ነው የፈራችው።

«ማን ብለሽ?» አላት መጨረሻ ላይ።

«ወለተሩፋኤል።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሸዋረጋ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ቤት ነው የኖርኩት» አለ ከእጁ ሥር። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ ትምህርቴን ደጅ አስቀምጣለሁ። ክፍል ስገባ ማዕተቤን በሸሚዝ እሸፍናለሁ። እሷን ሳገኝ ሁለቱ ቤት በአንድ በር የሚገናኙ መሰለኝ። እና በሩን ቀበርሽብኝ።»

«ለምን የቀበርኳት መሰለህ?» አለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ካለው ገለባ ጋር ተደባልቋል። «ሌላው ሁሉ ዝንጀሮ ነው አለ። አንተ ብቻ አውሬ አይደለችም አልከኝ። እኔ አንተን አምኜ ነው የቀበርኳት።»

ፊልጶስ እጁን ከፊቱ አወረደ። ለረጅም ጊዜ ተያዩ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ሁለቱም አላወቁም፤ ሊለያዩ እንደማይችሉ ግን ያኔ አወቁ።

*

በማለዳ አራቱ ከመቃብሯ አጠገብ ቆሙ፦ ቄስ ህሩይ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሸዋረጋ፣ ፊልጶስ፣ ከኋላ ደግሞ መዝሙር። ጉሙ አልተነሣም። ቅጥሩ ላይ ጭላዶቹ ተቀምጠዋል፤ ማንም ሊያባርራቸው አልደፈረም።

ሸዋረጋ ስሙን ከየት እንዳመጣችው ለቄሱ ተናዘዘች። መዝሙር እህት እንደነበረችው ያን ጊዜ ሰማ። ፊቱ ነጣ።

«የውሸትሽን ቀኖና ለብቻሽ እነግርሻለሁ» አሏት ቄሱ። «ጸሎቱ ለማን እንደደረሰ እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን የቀረው የአጥንቷ ነገር ነው። የተፈታ አጥንት በመንግሥት ወረቀት ከዚህ አይወጣም። አጥንት ከቦታ ወደ ቦታ የሚፈልሰው ዘመድ ሲጠይቅ ነው፤ ሥርዓታችን ይኸው ነው።» ወደ ፊልጶስ ዞሩ። «ስለዚህ ንገረኝ መምህር። አውሬ ናት ካልከኝ አሁኑኑ አውጥቼ እሰጥሃለሁ፤ እኔም ለበደሌ ንስሐ እገባለሁ። ሰው ናት ካልክ ግን ዘመዷ ቀርቦ ይጠይቀኝ።»

«አውሬ ናት በላ» አለ መዝሙር ከኋላ። «ምን ያስጨንቅሃል? በልና ይዘሃት ሂድ።»

ሸዋረጋ የፊልጶስን ከንፈር ታይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ቢናገር ሥራው ይተርፋል፣ ደጅ የሚጠብቁት ሰዎችም አጥንቱን ይወስዳሉ። እሷ ግን በቤተ ክርስቲያን አውሬ ያስፈታች ሴት ሆና ትቀራለች። ከወይራው ሥር ያለችውም ለሁለተኛ ጊዜ ስሟን ትነጠቃለች።

ፊልጶስ ማዕተቡን ከሸሚዙ አወጣ።

«ዘመዷ እኔ ነኝ» አለ።

«በምን?»

«በአባት ነው አባ። በጣም ሩቅ በሆነ አባት።»

«እኛ ዘመድ የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው።»

«እኔም እቆጥራለሁ። ሰባቱ ላይ አለመቆሜ ነው እንጂ።»

ቄስ ህሩይ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «ስትቆጥር ስትቆጥር መጨረሻው ማን ጋ ነው የምትደርሰው?»

ፊልጶስ ማዕተቡን በጣቱ ያዘ። «መጨረሻውን አላየሁትም» አለ። «ያየሁትን ነው የማስተምረው። ያላየሁት ላይ ግን እርስዎ ከሚቆሙበት ነው የምቆመው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። «ሌላ ዘመድ አለ?» አሉ።

ሸዋረጋ መሬቱ የሚከፈት መሰላት። መዝሙር ከኋላዋ ሲተነፍስ ይሰማታል። ያን ትንፋሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌት ሌት እየጠበቀች አሳድጋዋለች። ወደ እሱ አልዞረችም። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ከፊልጶስ ጎን ቆመች፤ ትከሻቸው ተነካካ። ከሩቅ ያያቸው ሰው ሊጋቡ የቀረቡ ይመስሉት ነበር።

«እኔም ዘመዷ ነኝ» አለች።

«አንተስ ልጄ?» አሉ ቄሱ መዝሙርን። «በስሟ እህትህ ናት።»

«እኔ እህት የለኝም» አለ መዝሙር። ነጠላውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ የቅጥሩን በር ተሳልሞ ወጣ። ጉሙ ከወገቡ ጀምሮ ዋጠው።

ቄሱ አፈሩን ራሳቸው ገለጡት። ከላይ ውርጭ የያዘው አፈር ከሥር ሞቃት ነበር። መንጋጋው ሲወጣ ሸዋረጋ ጥርሱን አየች። ብቅ ሊል ሲል የቀረው ጥርስ ከበፊቱ ከፍ ያለ መሰላት። ፊልጶስም አየው። በአውራ ጣቱ ለካውና፣ እንደገና ለካው። ከዚያ ምንም ሳይል በጥጥ ሸፈነው። ያን ዝምታውን ከቃሉ ሁሉ በላይ ፈራችው፤ ከቃሉ ሁሉ በላይም ወደደችው።

*

ሣጥኑ ከመጫኑ በፊት ሸዋረጋ እርሳስ ለመነችና ክዳኑ ላይ ጻፈች። ፊደሎቹ አንዱ ተልቆ አንዱ አንሶ ነበር፤ ወለተሩፋኤል ይላሉ። ሰዎቹ የራሳቸውን ምልክት ከጎኑ አደረጉ እንጂ የእሷን አልሰረዙም። ፊልጶስ ግን አብሯቸው አልተሳፈረም። ዋሻው ገና አላለቀም አላቸው። ቦርሳውን ከማኪናው አውርዶ ወደ ጓሮው ክፍል መለሰ። ማኪናዋ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ታጠፈች፤ ጭላዶቹም አንድ በአንድ ከአጥሩ ወርደው ወደ ገደላቸው ሄዱ።

መዝሙር መጻሕፍቱን በነጠላ አስሮ ከቤት ሲወጣ እናቱ በሩ ላይ ነበረች። ስንቅ ዘርግታ ያዘችለት። ተቀበላት። እጇን ግን አልሳመም።

በጓሮው በኩል ሲያልፍ ድንገት ቆመ። ፊልጶስ ከደጅ ውሃ እየቀዳ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።

«ሀ» አለ ከውስጥ።

የመዝሙር አንገት ሲጠነክር ሸዋረጋ አየች። ሰምቶታል። ይዞራል ብላ ጠበቀች፤ ቢዞር ሁሉን ትቶ ይመለሳል ብላ ነበር። እሱ ግን እያማተበ ወደ ማኪና መንገዱ ወረደ።

ወደ ቤት ስትገባ ቆቡ ሣጥኗ ውስጥ አልነበረም። መደቧ ላይ፣ ራሷን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ፣ ተቀምጦ አገኘችው። አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ፊልጶስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ግባ አላለችውም፣ ሂድም አላለችውም።

አጥንቱ ሄደ፤ ጭላዶቹ ሄዱ፤ መዝሙር ሄደ። ፊልጶስ ቀረ።